በማሂር ቦታ የተቀመጠው

«ፖሊስ ማሂርን ሊወስደው ደጅ ቆሟል» አለቻት ወይዘሮ ዓሊማ ዓባይነሽን በስልክ። «ሪያድን ወልጄ፣ ማሂርን አሳድጌ፣ አንዱ አንዱን ገደለው ይሉኛል። እውነቱን ንገሪኝ።»

የታኅሣሡ ተኩስ ጁባን ከናጣት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር። ከዚያ የተረፈውን ሪያድን ግን ወንዙ በላው። ዓባይነሽ ዱሮ አዲስ አበባ መርማሪ ፖሊስ ነበረች፤ አሁን ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር የሆቴል ጥበቃ ኃላፊ ናት። ሆስፒታል ሄዳ ሬሳውንና ልብሱን አየች፤ ከዚያ ወንዝ ወረደች።

ሪያድና ማሂር የነበሩባት ቀጭን የውድድር ጀልባ ናት፤ ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አንድ መቅዘፊያ። የግራውን መቅዘፊያ የሚያስረው ዳዶ የለም።

«ሪያድ በቀኝ፣ ማሂር በግራ ነው የሚቀዝፉት» አለ አሠልጣኙ ተካልኝ። «እኛ ጋ ማንም የራሱን ዳዶ አይነካም፤ ጓደኛው ነው የሚያጠብቅለት። የራሱን መነካካት ጓደኛን መስደብ ነው።»

ከቀብሩ በፊት ሁሉም ሀይ ጀላባ ሰፈር፣ ዓሊማ ቤት ተሰበሰቡ። ማሂር ቀና አላለም።

«የሪያድን ዳዶ ሳላጠብቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይውሰዱኝ።»

«የጠፋው የግራው ነው፤ ያንተ» አለች ዓባይነሽ። «ጀልባዋ ላይ በግራ ቀዛፊው ቦታ የተገጠመው የእግር ማስገቢያ ጫማ አርባ አንድ ቁጥር ነው፤ ያንተ ልክ። አርባ አራት የሚያደርገው ሪያድ ግን ጫማው ጠቦት የእግር ጣቶቹ ተልጠዋል። ለምን ቦታ ተቀያየራችሁ?»

«የእጄ አንጓ አብጦ ነበር። ለመነሣት ስንል ቀይረኝ አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። ትንሽ አየኝና ገባ።»

ባለፈው ሳምንት ለማሂር የታጨችው ጀንነት ማልቀስ ጀመረች። «ሪያድም ጠይቆኝ ነበር። እንቢ አልኩት።»

ዓባይነሽ ዳዶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ከሪያድ ኪስ ነው ያገኘሁት። ማሂርን ሊጎዳ ብሎ ፈታው። ቦታ ሲቀያየሩ መልሶ እንዳያስረው ማሂር እያየው ነው፤ ማሰሩ ደግሞ መናዘዝ ነው። አፍሮ ዝም አለ። መሀል ወንዝ ሲደርሱ መቅዘፊያው ወለቀ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች፤ እጀታው ጭንቅላቱን መታው።»

ዓሊማ ወደ ማሂር ዞረች። «አንተ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ውኃ ውስጥ ሆኜ ገባኝ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?»

«ሁለት ጊዜ እንዳይሞትብሽ ብዬ ነው።»

ዓሊማ ለፖሊሶቹ ራሷ ልትነግራቸው ወጣች። ስትመለስ ማሂር እንደተቀመጠ ነው።

«ተነሥ» አለችው። «ወንድምህን ቅበር።»

መነሣት አቃተው። ብብቱን ይዛ አነሣችው።