የታጠቡት ብረቶች

መንገድ ስትሻገር ከኋላዋ የሚመጣውን መኪና ማን ይነግራታል? የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ ይህን ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። ልጅቷ መስማት የተሳናት ናት። ኮሌጅ ገብታ ምህንድስና ትማራለች፤ የምታጠናውም ዝገትን ነው፤ ብረት የት ቦታ ሲሆን ቶሎ እንደሚበላ፣ የት ሲሆን እንደሚቆይ። በቤት ስሟ ሚጣ እንላታለን። ቁመቷ በልጦኝ እንኳ ሚጣነቷ አልቀረም።

በያጁ ልጄ፣ አጎቷ ማለት ነው፣ በዚህ ትምህርት ይስቅ ነበር።

"ብረት በጆሮ ነው የሚታወቀው" ይላል። "መታ አድርጌ ስሰማው ጤነኛውን ከበሽተኛው እለያለሁ። እሷ ምኑን ልትሰማ ነው? እዚሁ ቤት አርፋ ብትቀመጥ አይሻላትም?"

እኔም የመኪናውን ነገር እያሰብኩ፣ "እውነትህን ነው" እል ነበር።

ባለፈው ክረምት ሚጣ ጣት የሚያህሉ ስስ ብረቶች አመጣችና በቤቱ ዙሪያ በክር ሰቀለቻቸው፤ መታጠቢያ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ፣ ከፍሳሹ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ባለው አጥር ላይ። ስትጨርስ ፊቴ ቆማ በእጆቿ ብዙ አወራችኝ። ድስቱ እንዳያርርብኝ አንድ ዓይኔ ምድጃው ላይ ነበር። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩላት። እሷም ፈገግ ብላ ሄደች።

ይህን ራስ መነቅነቅ እናንተም ሳታውቁት አትቀሩም። ማዕድ ላይ ስንሳሳቅ በዓይኗ "ምንድን ነው?" ስትለን፣ "በኋላ እነግርሻለሁ" እንላታለን፤ ያ በኋላ መጥቶ አያውቅም። እሷ ስታወራ ደግሞ ሳይገባን እሺ፣ እሺ ነው። ቅር እንዳይላት ብለን!

ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ቤት ሳጸዳ ብረቶቹን አየኋቸው። ቡናማ ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ተልጠዋል። የልጄ ዕቃ ተበላሸ አልኩ። ሁሉንም አወረድኩና ክንዴ እስኪዝል በሽቦና በሳሙና ፈተግኳቸው። እንደ መስታወት ሲያበሩ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ትራሷ ላይ አኖርኩላት። ደስታዋን ለማየት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

ጨርቁን ፈታች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አንድ በአንድ ገለባበጠቻቸውና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ምን ሆንሽብኝ፣ ልጄ?"

እጆቿን ጭኖቿ መሃል ሸጉጣ አልመልስ አለች። ያኔ ነው የፈራሁት።

በማግስቱ እሁድ ነበር። የኮሌጁን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይዛ መጣች።

"እስቲ ጠይቂልኝ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኳት አስተርጓሚዋን።

"እማማ፣ እኔን ሳይሆን እሷን እያዩ ያናግሯት። እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ።"

ሚጣ እጆቿን አነሣች። የመጣው በአስተርጓሚዋ አፍ ቢሆንም ቁጣው የራሷ ነበር።

"ከመስቀሌ በፊት መዝኛቸዋለሁ፣ እማዬ። ዓመት ሲሞላቸው ዝገቱን በኬሚካል አንስቼ እንደገና ልመዝናቸው ነበር። የጎደለው ክብደት ዝገቱ የበላው ነው። አንቺ ግን በሽቦ ስትፈትጊ ጤነኛውንም ብረት ፍቀሽዋል። አሁን ዝገቱ የበላው የቱ፣ አንቺ የበላሽው የቱ እንደሆነ በምን ይለያል? የመመረቂያ ሥራዬ ነበር።"

"ምነው ብትነግሪኝ ኖሮ..."

"ነግሬሽ ነበር። ነቀነቅሽልኝ።"

አጎቷ ከጥግ ሆኖ፣ "ይኸው እኔ ያልኩት!" አለ። "ይህ ሥራ ጆሮ ይፈልጋል።"

ሚጣ ወደ እሱ ዞረች። "አጎቴ፣ ዝገት ድምፅ አለው እንዴ? ቀለም ሥር ተደብቆ ሲበላ ማንም አይሰማውም። አንተ መትተህ የምትሰማው ካለቀለት በኋላ ነው። እኔ ሳያልቅለት ልደርስበት ነው የምማረው።"

"አጃኢብ ነው! ለካ ምላሷ እንዲህ ስል ኖሯል?" አለ አጎቷ።

"ሁልጊዜም እንዲሁ ናት" አለች አስተርጓሚዋ እየሳቀች። "ክፍል ውስጥ ማን ይችላታል ብለው ነው?"

እኔ አልሳቅሁም። በአንድ ቤት ስንኖር የልጄን ቀልድና ቁጣ ከእንግዳ አፍ መስማቴ ነው።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኩ፣ እሷን እያየሁ።

"እንደ አዲስ መስቀል። ምረቃዬ በዓመት ይዘገያል። የኮሌጁ ብረት ደግሞ አልቋል፤ ካላገኘሁ ትቼው እወጣለሁ።"

'ተይው፣ እዚሁ ከእኔ ጋር ሁኚ' የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ጠጋ አልኳትና፣ "ያኔ ያልሽው አልገባኝም ነበር" አልኳት። "እንደገና አሳዪኝ። ያለ አስተርጓሚ።"

አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፤ የብረቱን ርዝመት፣ ስስነቱን፣ ክር የሚገባበትን ቀዳዳ። እኔም ተሳስቼ እየታረምኩ በገዛ እጆቼ እስክደግመው ድረስ ራሴን አልነቀነቅኩም።

መኪናውን ዛሬም እፈራለሁ። ግን ወገኖቼ፣ በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ያልገባችሁን አልገባኝም በሉ፤ የእጁን ቋንቋ ተማሩለት። ፍቅር ብቻውን ሽቦ አንስቶ የልጅን ድካም ይፍቃል፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ያኔ አጎቷ ከጥጉ ተነሣ። መጥቶ ሚጣ ርዝመቱን ባሳየችበት ጣት አጠገብ የራሱን ጣት አስተካክሎ ለካ። እሁድ የማይከፍተውን የብየዳ ቤቱን ቁልፍ ከግድግዳው ላይ አነሣና ወጣ።