ሰላምታ የተከለከለበት ዓመት

«አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ያገናኙ፤ ይክፈቱ፤ ይዝጉ። ቶሎ ቶሎ።»

አደረገ። ዕድሜው ከሠላሳ የሚያልፍ አይመስልም፤ እጅ ለሚያንቀጠቅጠው ለዚህ በሽታ ገና ነው ብዬ አዘንኩ። ሰማያዊ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦታል። ቀና ስል ጣቶቹ ይርበተበታሉ፤ ወደ ወረቀቴ ሳቀረቅር ይረጋጋሉ። እንዲህ ያለ ምልክት ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩም። ቢሆንም «ቀኝ እጅ፦ ከአራት ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።

በሩ ተከፈተና አንድ አዛውንት እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ ገቡ። እሳቸውም ሰማያዊ ቆብ አድርገዋል።

«ሽንት ቤት ደርሼ ስመጣ ልጄን ምን አገኘሽበት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታማሚው እርስዎ አይደሉም? ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት ወጣቱን።

«የሐኪም ትእዛዝ ይፈጸማል እንጂ ይጠየቃል?» አለና ቆቡን አነሳ። ፀጉሩ አይጥ የበላው ጨርቅ ይመስላል።

«የእኔ ሥራ ነው» አሉ አባትየው። «ፀጉር አስተካካይ ነኝ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጆሮውን የሚወድ ሁሉ ሸሸ። አንድ ደንበኛ ቀረኝ፤ እሱንም ወልጄው ነው።»

ልጁ የሒሳብ መምህር ነው። ተማሪዎቹ ሲስቁበት ሰንብተዋል፤ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ አባቱ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ሆስፒታላችን በብልቃጥ ያደጉ የነርቭ ሴሎችን በታማሚዎች አንጎል ውስጥ ይተክላል። ለሙከራው ሲባል ግማሾቹ ሴሉ ይተከልላቸዋል፤ የቀሩት የራስ ቅላቸው ትንሽ ተበስቶ ባዶውን ይዘጋል። ለማን ምን እንደተደረገ ታማሚውም እኔም አናውቅም። ጠባሳው ፍንጭ እንዳይሰጠኝ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ቆብ ያደርጋሉ። ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ ከልኬታው ውጭ ከታማሚም ከቤተሰብም ጋር አንድ ቃል መነጋገር ለእኔ ክልክል ነው፤ ሰላምታም ጭምር። ከተነጋገርኩ የታማሚው መዝገብ ይሰረዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ባዶው ለደረሳቸው ሴሉ ይሰጣቸዋል፤ መዝገቡ የተሰረዘበት ግን ተራውን ያጣል።

ስለዚህ መምህሩ በየወሩ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ።

አባትየው ግን መላ አያጡም። ከልኬታው አንዱ የድምፅ ነው፤ ታማሚው የፈለገውን ሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

«ልጄ አያጨስም» አሉ በሦስተኛው ወር። «ሲያንኮራፋም ሰምቼው አላውቅም።»

«ድምፅ፦ ጥርት ያለ» ብዬ ጻፍኩ።

በአራተኛው ወር «ወጥ ይሠራል። ጨው ያበዛል እንጂ» አሉ።

ጨንቆኝ «አስር አለቃ» ለምንላት ለኮሪደሩ ሲስተር ነገርኳት።

«መስማት አልተከለከለም» አለች። «ፈገግታሽን ግን ቀንሺ፤ ከዚህ ይታያል።»

በስምንተኛው ወር የአባትየው እጅ ነጥብ ከሦስት ወደ ሁለት ወረደ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ መሻል ነው። ሴሉ ያዘላቸው ብለን ሁላችንም በሆዳችን ደስ አለን።

አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ዝናቡ ይወርዳል። መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«አይመልሱልኝ» አለ ወደ መንገዱ እያየ። «አባቴ ተራውን እንዳያጣ። ዣንጥላዬን ግን ግንቡ ላይ ረስቼዋለሁ።» ይህን ብሎ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

አንድም ቃል አልመለስኩም። ቤት ገብቼ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ለዣንጥላው።

ዓመቱ ሲሞላ ሙከራውን የሚመሩት ፕሮፌሰር ለአባትየው የተደረገው የተጻፈበትን ፖስታ በፊታችን ቀደዱ።

«ባዶ» አሉ።

አባትየው እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«ታዲያ የተሻለኝ በምንድን ነው?»

«በተስፋ። ይህ ያጋጥማል፤ ግን ብዙ አይቆይም።»

«ባዶው እንዲህ ካደረገኝ፣ ሴሉ ሲገባማ ሚስት ማግባቴ ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። ፕሮፌሰሩ ቀጠሉ። «መዝገብዎ ንጹሕ ነው፤ ረቡዕ ይተከልልዎታል። ከዚያ እንደተለመደው አንድ ዓመት ልኬታ።»

ሌላ ዓመት። መምህሩን አየሁት፤ እሱም አየኝ፤ ሁለታችንም ግድግዳውን ረሳነው። በስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ሴት፣ ድምፄን ሰማሁት።

«ፋይላቸውን ሌላ ሰው ይረከበኝ።»

«ምክንያት?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ፋይሉን ገልጬ ገጽ መቁጠር ጀመርኩ።

«ምክንያቱማ» አለች አስር አለቃ ከበሩ ወደ መምህሩ እያመለከተች፣ «ዓመት ሙሉ ኮሪደሬ ላይ ወንበር ሲያሞቅ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ለባልደረባዬ አስረከብኩ። ረቡዕ አባትየው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ፤ እኔና መምህሩ በሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አምስት ሰዓት ሙሉ አወራን።