ጃንጥላዋ ቀይ አልነበረችም

«አፍሽን ዝጊ!» አለች አክስቷ ጥርሷን ነክሳ። «ግድግዳም ጆሮ አለው።»

ልጅቷ ዓይኗን ከምርመራ ክፍሉ በር ላይ አልነቀለችም። ከበሩ ጀርባ አባቷ ከተመራማሪዋ ጋር ተቀምጦ፣ ቅድም የተነገረውን አጭር ታሪክ በቃሉ እየመለሰ ነው፤ አንዲት ሴት ጃንጥላዋን አውቶቡስ ውስጥ ረስታ ስለመውረዷ። ጥናቱ ወላጃቸው በመርሳት በሽታ የሞተባቸውን፣ ራሳቸው ግን ጤነኛ የሆኑ ሰዎችን ይከታተላል። ትውስታቸውን ይፈትናል፣ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ያነሳል፤ በሽታው ገና ሳይታይ አንጎል ላይ የሚለወጥ ነገር እንዳለ ለማወቅ።

የአክስቷ ተራ ባለፈው ሳምንት ነበር። ቤት እንደገባች ታሪኩን ለወንድሟ፣ ለልጅቷ አባት፣ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ስታስጠናው ሰነበተች።

«ይሄ እኮ ፎርጅድ ውጤት ነው» አለች ልጅቷ።

«ጎበዝ! አባትሽን አሳልፈሽ ስጪ። ‹እንደ እናቱ ሊሆን ነው› ተብሎ ከተወራ ማን ሱሪ ሊያሰፋ ይመጣል?»

«ባለፈው እኮ አንድ ኮት ላይ ሁለት የግራ እጅጌ ሰፍቷል!»

«ደክሞት ነዋ! አንቺ ሒሳብ ስትወድቂ አንጎልሽን ፎቶ አስነሳነው?»

በሩ ተከፈተ። ተመራማሪዋ እየሳቀች ወጣች፤ አባቷ ደረቱን ነፍቶ ተከተላት።

«አባትሽ ጉድ ናቸው! ያልነገርኳቸውን ሳይቀር ያስታውሳሉ። ጃንጥላዋ ቀይ ናት አሉኝ እኮ!»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። አክስቷ ወሬ ሳታሳምር ማውራት አይሆንላትም፤ ስታስጠናውም ቀለም ጨምራበታለች። አሁን ግን ጣሪያውን ትቆጥራለች።

የኤምአርአዩ ባለሙያ ከወዲያኛው በር ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ሰዓት፣ ቀበቶ፣ ቁልፍ… ብረት የሚባል ነገር ይዘው እንዳይገቡ። መሣሪያው ማግኔት ነው፣ ይነጥቃል።»

«ሁሉንም አውጥቻለሁ» አለ አባቷ።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ኮሌታው ስር የሰካቸውን መርፌዎች ነቅሎ የመርፌ ትራሱ ላይ ይሰካል። ልጅቷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ይህን ሲዘነጋ አይታው አታውቅም። አሁን ግን ወደ በሩ ሲራመድ ከኮሌታው ስር ሁለት መርፌዎች ብልጭ አሉ።

«አባዬ፣ ቁም!»

ሮጣ ደርሳ ነቀለቻቸው። አባቷ መርፌዎቹን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አያቸው።

«ማነው እዚህ የሰካው?» አለ ፊቱ ተለዋውጦ። «አንቺ ነሽ አይደል? ሰው ፊት ልታዋርጂኝ!»

 

«ማንም ይረሳል» አለች አክስቷ ፈጠን ብላ። «ይግባ በቃ! ሰውየውን አታስጠብቁት።» የልጅቷን ክንድ ይዛ ጥፍሯን ቀበረችበት። «ቤት እንገናኛለን» አለቻት በሹክሹክታ።

አባቷ ዞር ብሎ ሳያያት ገባ። ከባዱ በር ከኋላው ተዘጋ።

ተመራማሪዋ መሳቋን ትታ መርፌዎቹን እያየች ነበር። ልጅቷ ክንዷን ከአክስቷ መንጭቃ አስለቀቀች። መርፌዎቹን አባቷ ሲወጣ እንዲያገኛቸው በራሷ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ኮሌታ ላይ፣ ልክ እሱ እንደሚሰካቸው አድርጋ ሰካቻቸው።

«እስኪወጣ ድረስ ላናግርዎት እችላለሁ?» አለች ወደ ተመራማሪዋ ዞራ። «ስለ ጃንጥላዋ ነው።»