ለአንድ ሰው የሚበቃ ፕላዝማ

«ጭንቅላቱን ነው የተመታው» አለች ሑስና፣ ልጇ ፈሪድ አፉን ከመክፈቱ በፊት።

ነርሷ ሲስተር አያንቱ ዓይኑን በባትሪ አየችለት። «ያዞርሃል?»

እናቱ እጁን ጨመቀችው። «ትንሽ» አለ።

ከባጃጅ ሲወርድ የተመታው ጉልበቱን ብቻ ነበር። ግን ፈሪድ ሂሞፊሊያ አለበት፤ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ጉልበቱ ውስጥ የሚፈሰው ደም ሱሪውን ወጥሮታል። ዓምና መድኃኒቱ አልቆ ሲጠብቅ እግሩ እንደታጠፈ ደርቆበት ግማሽ ዓመት ከትምህርት ተለይቷል። ዛሬም መድኃኒቱ የለም። ያለው ከለጋሾች ደም ተለይቶ የወጣ ፈሳሽ፣ ፕላዝማ ነው፤ እሱም ጥቂት ስለሆነ ጭንቅላቱን የተመታ ይቀድማል። ሑስና ይህን ታውቃለች።

በረዶ ሆኖ የተቀመጠው ፕላዝማ ለብ ባለ ውሃ እየቀለጠ ሳለ ከቡልቡላ የመጣ አባት ሕፃን ልጁን ታቅፎ ገባ። ሞቲ የሚሉት ይህ ልጅም ሂሞፊሊያ አለበት። ወድቆ ምላሱን ነክሷል። የአባቱ ሸሚዝ ደም በደም ሆኗል።

«ሲስተር፣ ማሎ! ከጠዋት ጀምሮ አልቆመለትም። ማሎ፣ እባክሽ!»

ሲስተር አያንቱ ደም ባንክ ደወለች። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። «ለሁለቱም የደም ዓይነት የሚስማማው ይሄ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው። ሌላው ነገ ከአዲስ አበባ ይመጣል።» ወደ ፈሪድ ዞረች። «የጭንቅላት ምት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።»

ሞቲ ማልቀስ አቁሟል። አባቱ አገጩን እየጠረገ ስሙን ደጋግሞ ይጠራዋል።

«ኡሚ፣ ንገሪያት» አለ ፈሪድ በሹክሹክታ።

«ዝም በል!» አለች። «ያኔ ሽንት ቤት ድረስ ተሸክሜ የወሰድኩህ እኔ ነኝ። ረሳኸው?»

አልረሳውም። ቢናገር እናቱን ሰው ፊት ያዋርዳል። ዝም ቢል ያ ሕፃን አለ። ተነስቶ መውጣት አማረው፤ በዚህ እግሩ ግን በሩ ጋ እንኳ አይደርስም።

ሲስተር አያንቱ የፕላዝማውን ከረጢት ሰቅላ ክንዱን ያዘች። ፈሪድ ክንዱን ሳበ።

«ጭንቅላቴን አልተመታሁም» አለ። «ጉልበቴን ብቻ ነው። ለሱ ይስጡት።»

ሲስተር አያንቱ ሑስናን አየቻት። ሑስና አቀረቀረች። ከረጢቱ ወደ ሞቲ አልጋ ሄደ።

ብዙ ቆይታ ሑስና በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ጉልበቱ ላይ አደረገችለት።

«ተቀየምሽኝ?»

«አታውራ» አለች ቀና ሳትል። «እግርህን አታንቀሳቅስ።»

ፈሪድ ጥርሱን ነክሶ፣ እንዳለችው ሳይንቀሳቀስ ነገን መጠበቅ ጀመረ።