የተራዘመው ሰዓት

የስልክ መተግበሪያ ንድፍ አውጪው የተገኘው ከሚሠራበት ሕንፃ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ከደረጃው ግርጌ ወድቆ ነው። የተቆለፈ ስልኩ አጠገቡ ነበር። ሬሳው ተነሥቶ እስኪረፍድ ድረስ በስልኩ የደወለለት ሰው አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ የማቆሚያውን ጠባቂ ጠየቃቸው። ጎጇቸው ከበላይ፣ ከመግቢያው በር አጠገብ ናት።

«እማማ፣ ማታ ለምን አልወረዱም?»

«እኔ የምወርደው ሰዓቱ ያለቀ መኪና ሲኖር ነው። የሱ ሊያልቅ ሲል ጎጆዬ ያለው ማሽን ‹ተራዝሟል› አለኝ፤ ተቀመጥኩ። አሁን ‹ተኝታ ነው› ብለው ሊያባርሩኝ ነው። ጉሮሮዬን ሊዘጉት ነው፣ ልጄ!»

«በስልኩ ያራዝም ነበር?»

«እሱ? ነፍሱን ይማረውና፣ የመክፈያ መተግበሪያውን ራሱ እየሠራው እኔ ጋ መጥቶ ነበር በእጁ የሚከፍለው። ‹ጉልበትዎ እንዴት ዋለልዎ?› እያለ ያደርቀኛል። ከኋላው ጡሩምባ ቢነፋበት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለም መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ወጣ። የሟቹ ወንበር እንደተገፋ ነው፤ ሥራ አስኪያጇ በዚያ በኩል ላለማየት ትጥራለች።

«ምን እየሠራችሁ ነበር?»

«የማቆሚያውን መተግበሪያ እያሻሻልን። ሰው መኪናው አጠገብ ቆሞ ታርጋ ይጽፋል፣ ገጽ ከገጽ ይገላብጣል። እሱን ልናሳጥር ነው። ሟቹ ሰዓት ለማራዘም መጀመሪያ ስልኩ ይከፈት ባይ ነበር፤ ‹የማንም እጅ ደርሶ የሰው ሰዓት ማራዘም የለበትም› ይላል። መብረቅ ደግሞ ስልኩ እንደተቆለፈ፣ በአንድ ንክኪ ይሁን ይላል። ዛሬ አንዱን ልመርጥ ነበር፤ የተመረጠው ቡድኑን ይመራል።»

መብረቅ የሚሉት ፕሮግራመሩን ነው፤ ከእጁ ፍጥነት የተነሣ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?» አለው ኢንስፔክተሩ መብረቅን አስጠርቶ።

«በሥራ ነዋ! ግን እኔ በጊዜ ቤቴ ገብቻለሁ። እሱ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን አራዝሟል፤ ማሽኑን ጠይቁት።»

«ያንተን ባለ አንድ ንክኪ አይቶት ነበር?»

«የት አይቶ! ትናንት በቡድኑ ስልኮች ላይ ከሩቅ ጫንኩት እንጂ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ስብሰባ ላይ ላስደንቃቸው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ሌላ አልጠየቀም። የስልክ ባለሙያው ያገኘውን ከሰማ በኋላ ሦስቱንም ደረጃው ሥር ሰበሰባቸው።

«ይህ ሰው ሁልጊዜ በእጁ የሚከፍለው ቴክኖሎጂ ከብዶት አይደለም» አለ። «ሰው ለማነጋገር ነው። ታዲያ ማታ በስልክ ያራዘመው ማን ነው? ስልኩ ከቢሮው ጠረጴዛ ከተነሣ ወዲህ አልተከፈተም። ስለዚህ ሰዓቱ የተራዘመው እንደተቆለፈ፣ በአንድ ንክኪ ነው። ይህ መንገድ ስልኩ ውስጥ መኖሩን ሟቹ አያውቅም። ሥራ አስኪያጇም፣ እማማም አያውቁም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም ያለኝ።»

መብረቅ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለምን ያራዝማል?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ሰዓቱ ካለቀ እማማ ይወርዳሉ። እሳቸው ከወረዱ መብረቅ ቤቱ ሳይደርስ ሬሳው ይገኛል። ከተራዘመ ግን ሟቹ ያን ጊዜ በሕይወት የነበረ ይመስላል።»

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም!» አለ መብረቅ። «ወድቆ ዝም አለ። ሞቷል ብዬ ነው።»

«አልሞተም ነበር። ሐኪሙ ከወደቀ በኋላ ብዙ ሰዓት በሕይወት ቆይቷል ብሏል።»

ጠባቂዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ወርጄ ቢሆን ኖሮ…»

«ይደርሱለት ነበር፣ እማማ። እንዳይወርዱ ያደረገዎት ግን መብረቅ ነው።»

መብረቅ በፖሊሶች መካከል ሆኖ ደረጃውን ወጣ። ሥራ አስኪያጇ አቀርቅራ፣ «ይቅርታ፣ እማማ። ከሥራዎ የሚነካዎት የለም» አለች።

እሳቸው ሟቹ የወደቀበትን ቦታ አዩ።

«ለቀብሩ ማን ይመጣል?»

ሥራ አስኪያጇ ኢንስፔክተሩን አየችው።

«እንግዲያው ፈረቃዬን ለሌላ ስጡልኝ» አሉ። «እኔ እሄዳለሁ።»