ያልተተረጎመው ክፍል

«ምን አለችው? ኧረ ቶሎ በይ!» አሉ የፋርማሲዋ ሴትዮ፣ ጭንቅላታቸውን ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አውጥተው።

ልጅቷ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ቀና አለች። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የእንግሊዝኛው ድራማ ባለጸጋ ሴት ባሏ ላይ ትጮኻለች።

«ዓይንህን እንዳላይ፣ ከቤቴ ውጣልኝ አለችው» ብላ ተረጎመች።

«ደግ አደረገች!» ሴትዮዋ ተመልሰው ካስኩ ስር ገቡ።

ከትምህርት በኋላ በእህቷ ፀጉር ቤት ያላት ሥራ ይኸው ነው። የፀጉር መጠቅለያውን ቢጉዲ ታቀብላለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድራማውን ትተረጉማለች። ካስኩ ስለሚጮኽ እሷም መጮኽ አለባት። ደንበኞቹ «አስተርጓሚዋ» ይሏታል። ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ፀጉር ቤት ከተከፈተ ወዲህ እህቷ፣ «ሰዉ የሚመጣው ለእኔ ማበጠሪያ እንዳይመስልሽ፤ ላንቺ ምላስ ነው» ትላታለች። ስትናገር ትስቃለች፤ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ቋንቋውንም የለመደችው ከዚሁ ድራማ ነው። ችግሩ፣ እዚያ ውስጥ ማንም ረጋ ብሎ አያወራም። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ለልምምድ ያህል በእንግሊዝኛ «ለምን አረፈድሽ?» ቢሏት፣ አፏ ላይ የመጣላት «የደረሰብኝን መከራ እርስዎ መቼም ሊረዱት አይችሉም!» የሚል ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ቋንቋሽስ ግሩም ነው፤ ግን ባሏ ከከዳት ሴት ጋር የማወራ መሰለኝ» አሏት። ከዚያ ከቤተ መጻሕፍት አንድ ልቦለድ አምጥተው ሰጧት። የነገው የቃል ፈተናዋ በዚህ መጽሐፍ ላይ ነው። ከወደቀች የእረፍቱን ወራት ትምህርቱን ስትደግም ልታሳልፍ ነው፤ እሷ ግን ገና ግማሹን እንኳ አላነበበችም።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፉ አሰልችቷት ነበር። ማንም በጥፊ አይማታም፣ ማንም ራሱን ስቶ አይወድቅም። ዳቦ ቤት ስለምትሠራ አንዲት ወጣት ነው። አሁን የደረሰችበት ገጽ ላይ ወጣቷ ከሥራ ስትመለስ እናቷ ሳህኖቹን እንድታጥብ ያዟታል። እሷም ወንበር ስባ ትቀመጥና «እማ፣ ደክሞኛል» ትላለች። በቃ። በር አላላተመችም፣ አላለቀሰችም። እናትየው ተነስተው ሳህኖቹን ራሳቸው አጠቡ።

አስተርጓሚዋ ያቺን መስመር ደጋግማ አነበበቻት። ቃላቱ አዲስ አልነበሩም፤ እንዲህ በእርጋታ ሲባሉ ግን ሰምታ አታውቅም። ድራማው ውስጥ ሰዎች ወይ ይጮኻሉ ወይ ይወድቃሉ። እሷ ግን ስለ ራሷ ድካም ሁለቱንም ስለማትችል ዝም ብላ ከርማለች። ጉሮሮዋን ይከረክራታል። ቤት ገብታ መጽሐፉን ስትገልጥ ፊደሎቹ ይደበላለቁባታል። ደክሟታል፤ እውነትም በጣም ደክሟታል።

«ይሄ ጠበቃ ደግሞ ምን ይላል?» አለች እህቷ፣ የአንዷን ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች።

ጠበቃው የሚለውን ሰምታለች። ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት የእህቷን እግሮች አየች። ቀኑን ሙሉ ከመቆም ብዛት አብጠዋል። ማን ያልደከመው አለ? ደግሞስ የፋርማሲዋ ሴትዮ ተነስተው ወደ ማዶው ቢሄዱስ?

«እትዬ» አለች። «ዛሬ አልተረጉምም። ደክሞኛል። ነገም ፈተና አለብኝ።»

የእህቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ሰው እየጠበቀሽ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ይቅርታ ለማለት አፏን በላት፤ ዋጠችው። እህቷ ፀጉሩን መጠቅለሏን ቀጠለች።

«መስኮቱ ጋ ሂጂ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እዚያ ብርሃን አለ።»

ልጅቷ ፎጣዎቹን ከመስኮቱ ስር ካለው ወንበር ላይ አንስታ ተቀመጠች።

«እንዴ! ታዲያ ማን ሊነግረን ነው?» አሉ የፋርማሲዋ ሴትዮ። አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አዩ። «ይቅርታ እየጠየቃት ነው መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ።

«የምን ይቅርታ!» አለች ፀጉር የምታጥበው ልጅ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ ብቅ ብላ። «ላግባሽ እያላት ነው። ፊቱን አያዩም?»

«ሂጂ! እንዲህ ተኮሳትሮ የሚያገባ አለ?»

እህቷም ማበጠሪያዋን እያወዛወዘች ክርክሩ ውስጥ ገባች። ጠበቃው ግን ለሴትየዋ ቤቷ እንደተሸጠ እየነገራት ነበር። ትርጉሙ ልጅቷ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ገጹን ገለጠች።