የወፍጮ ቤቱ ደረቅ መሬት

በመጋቢት ወር፣ በጅጋ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ የወፍጮው ሠራተኛ ወንዳወቅ ሲሞት አራት ሰዎች በቦታው ነበሩ፤ ባለወፍጮው አቶ ዘሚካኤል፣ ኤሌክትሪሲያኑ ሀይሉ፣ የሟቹ ረዳት ክንዱ እና ወፍጮ ቤቱን የምታጸዳው የክንዱ እናት ቻይነሽ።

ኢንስፔክተር መሰረት ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ አስከሬኑ አልተነሣም ነበር። ግራ እጁ የወፍጮውን ብረት ተደግፏል፤ ቀኝ እጁ የተላጠ የአምፖል ሽቦ ጨብጧል።

«ሽቦውን ሳይሸፍን የተወው ክንዱ ነው» አሉ አቶ ዘሚካኤል። «ቸልታ ነው። ጥፋቴ ነው ብሎ ይፈርም፤ ጠበቃ እይዝለታለሁ።»

«ልጄ አይፈርምም!» አለች ቻይነሽ።

«ነገ እንጀራሽን ከየት ልትበይ ነው?»

«ጦሜን አድራለሁ እንጂ ልጄን በሐሰት አላስፈርምም፣ ጋሼ!»

መሰረት ወደ ክንዱ ዞረች። «ወፍጮው ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ሰሞኑን ብሬከሩ እየወረደ መከራችንን ሲያበላን ሰነበተ። ዛሬ ግን አንዴም አልጠፋ። ወንዳወቅ እንዲያውም ‹ዛሬስ ጠበል አጠጥተዋት ነው› እያለ ሲስቅ ነበር።»

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አለች መሰረት።

ሀይሉ ኤሌክትሪኩን መዝጋቱን አይታ ከጓሮ ወዳለው ትራንስፎርመር ሄደች። ከትራንስፎርመሩ መሃል ነጥብ፣ ባለሙያዎች ኑትራል ከሚሉት፣ አንድ ሽቦ ወርዶ መሬት ይገባል። በግርጌው ያለው አፈር ደርቋል። አጠገቡ ውሃ የሞላ ጀሪካን ቆሟል።

«ይህ ውሃ ለምንድን ነው?»

«በበጋ ጠዋት ጠዋት አፈሩን አጠጣለሁ» አለች ቻይነሽ። «መሬት ሲደርቅ ሽቦው ሥራውን አይሠራም ይላል ሀይሉ። ዛሬ ግን ተይው ተባልሁ።»

መሰረት ሽቦውን ሳብ አደረገችው። ተከትሏት ወጣ። መሬት ውስጥ ከተቀበረው ብረት ተፈትቶ አፈር ብቻ ተጭኖበት ኖሯል።

ሁሉንም እዚያው ጠራቻቸው።

«የወፍጮው ሞተር ወደ ብረቱ ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር» አለች። «የፈሰሰው በመሬት አድርጎ በዚህ ሽቦ ወደ ኑትራሉ ሲመለስ ብሬከሩ ያውቅበትና ይቆርጣል። ሽቦው ሲፈታ መመለሻው ጠፋ፤ ብሬከሩም ዝም አለ። የወፍጮው ብረት ግን አንዱን የኤሌክትሪክ መስመር እንደያዘ ዋለ። ወንዳወቅ ብረቱን ተደግፎ የአምፖሉን ሽቦ ሲነካ ሁለተኛውን መስመር ያዘ። ሁለቱ የተገናኙት በደረቱ ውስጥ ነው። ይህ ሽቦ ባይፈታ፣ አምፖሉን ከመንካቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ሁሉ በተቋረጠ ነበር።»

«እንግዲያ ሀይሉ ነዋ! መፍቻ ያለው እሱ!» አሉ አቶ ዘሚካኤል።

«መፍቻማ ብስክሌት ጠጋኙም አለው፣ ጋሼ» አለ ሀይሉ።

«እናቴ፣ ተይው ያለዎት ማን ነው?» አለች መሰረት።

ቻይነሽ ጣቷን ቀሰረች። «እሳቸው! ‹ዛሬ አያስፈልግም› አሉኝ።»

መሰረት ወደ አቶ ዘሚካኤል ዞረች። «ሽቦው መፈታቱን የማያውቅ ሰው፣ ውሃው እንደማያስፈልግ በምን አወቀ? ውሃው አፈሩን አጥቦ እንዳያጋልጥዎት ነው የከለከሏቸው።»

አቶ ዘሚካኤል የተፈታውን ሽቦ ተመለከቱ። «ወፍጮው በጠፋ ቁጥር ገበሬው ጆንያውን እየጫነ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄደብኝ፤ ፈታሁት። ሰው ይሙት አላልሁም።»

«አላሉም» አለች ቻይነሽ። «ልጄ ገደለ ግን ብለዋል።»

አቶ ዘሚካኤል በዚያው ቀን በፖሊስ መኪና ወደ ፍኖተ ሰላም ተወሰዱ። ሀይሉ ሽቦውን መልሶ አሰረ። ቻይነሽ ጀሪካኑን አንሥታ አፈሩ ላይ ገለበጠችው።